ብዛቱን ቀንሱ፣ ፍጥነቱን አትተዉ

«ጋሼ፣ ቀስ ይበሉ።»

ጸጉሩ ሸብቶ ከወጣቶች ጋር ማርሻል አርት የሚሠራ ሰው ይህን ሳይሰማ አይውልም። እኔም ሃምሳን ካለፍኩ ወዲህ እየሰማሁት ነው። የሚሉኝ በፍቅር ነው። ሐኪሙም፣ ቤተሰቡም፣ አብሮ የሚሰለጥነውም የሚመክረው ይህንኑ ነው። ለስለስ አድርገው፣ ካታህን (ለብቻ በተወሰነ ቅደም ተከተል የሚሠራውን ልምምድ) ሥራ፣ ከስፓሪንግ (ከጓደኛ ጋር ከሚደረግ የልምምድ ፍልሚያ) ራቅ፣ ዕድሜህን አስብ።

በልጅነቴ በካራቴ ጀመርኩ፣ ኋላ ጁዶ ጨመርኩበት። ሁለቱም የሕይወቴ አካል ስለሆኑ ምክሩን እንዲሁ ሰምቼ ማለፍ አልቻልኩም። አንብቤበታለሁ፣ ጠይቄበታለሁ፣ በራሴም ሰውነት አይቼዋለሁ። የደረስኩበትን መጀመሪያ ልናገር። ዕድሜ ሲገፋ መቀነስ ያለበት የልምምዱ ብዛት ነው። ፍጥነቱና ኃይሉ መቅረት የለበትም። ብዙዎቻችን የምናደርገው ግን ተቃራኒውን ነው። የምንሠራበትን ሰዓት እንዳለ ይዘን ሁሉን ነገር ዝግ እናደርገዋለን። ጥቂት ዓመታት ሲያልፉ ሰውነታችን ከዝግታ ሌላ የሚያውቀው ነገር አይኖርም።

ነገሩ የሚጀምረው ከጡንቻ ነው። የጡንቻ ክሮች በጥቅሉ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ዝግ ብሎ ይሠራል፣ ቶሎም አይደክመውም። ስንቆምና ስንራመድ የሚያገለግለን እሱ ነው። ሌላኛው ፈጣኑ ነው። ቡጢ የሚወረወረው፣ እርግጫ የሚፈነዳው በእሱ ነው። ሰው ሲደናቀፍ እግሩ ቀድሞ መሬት የሚይዘውም በእሱ ነው። ከ30 ዓመት በኋላ ሰው በየአሥር ዓመቱ ከ3 እስከ 8 በመቶ የሚሆን የጡንቻ መጠን ያጣል። ከ60 በኋላ ኪሳራው ይፈጥናል። ይበልጥ የሚሳሳው ደግሞ ፈጣኑ ክር ነው። ስለዚህ ከብርታት ቀድሞ የሚሸሸን ብርታትን በቅጽበት የማውጣት ችሎታ ነው። ከባድ ዕቃ አንስቶ የሚሄድ ሰው ደረጃ ላይ ሲንሸራተት እግሩን ማድረስ ያቅተዋል።

ፈጣኑን ክር የሚቀሰቅሰው በዋናነት ከባድ ወይም ፈጣን ሥራ ነው። ለስላሳ እንቅስቃሴ አይደርስበትም። ካልተፈለገ ደግሞ እየከሳ ይሄዳል፣ የሚያዘው ነርቭም እየተወው ይሄዳል። እንግዲህ አንድን የስልሳ ዓመት ሰው «ከዛሬ ጀምሮ ሁሉን ነገር በዝግታ ሥራ» ስንለው፣ ዕድሜ የጀመረውን ሥራ እያገዝንለት ነው ማለት ነው። በደንብ ሊታሰብበት ይገባል።

ይህን ያህል ቀላል ቢሆን ኖሮ ግን ጽሑፌ እዚህ ላይ ባለቀ። ችግሩ ጡንቻን ከአጥንት የሚያያይዘው ጅማት ነው።

ጡንቻ ብዙ ደም ያገኛል፣ ቶሎ ይጠገናል፣ ቶሎም ይለምዳል። ጅማት የሚደርሰው ደም ጥቂት ነው። ራሱን የሚያድሰው በጣም በዝግታ ነው፣ በዕድሜ ደግሞ ይህ ዝግታ ይብሳል። ጅማት እንደ ጠፍር ነው። በደረቁ ድንገት ከሳቡት ይበጠሳል፤ አርሰው፣ አሽተው፣ ቀስ በቀስ ከሳቡት ይታዘዛል። የተረከዝ ጅማት መበጠስ በብዛት የሚታየው ከ30 እስከ 50 ዓመት ባሉ ወንዶች ላይ ነው። አብዛኞቹ ሳምንቱን ተቀምጠው የሚውሉና አልፎ አልፎ መጥተው በሙሉ ኃይል የሚዘሉ ናቸው። ጡንቻቸው ይችላል፣ ልባቸውም ይፈልጋል። ጅማቱ ግን አልተዘጋጀም።

ስለዚህ ሁለት የሚጋጩ ነገሮች አሉን። ጡንቻ ፍጥነት ካላገኘ ይጠፋል። ጅማት ድንገተኛ ፍጥነት ካገኘ ይጎዳል። በዕድሜ የገፋ ሰው ልምምድ ሁሉ የእነዚህ የሁለቱ እርቅ ነው ብዬ አምናለሁ። እርቁም የሚገኘው መጠኑን በማሳነስና ባለማቋረጥ ነው። ፈጣን ሥራ በየሳምንቱ ይኑር፣ ግን ትንሽ ይሁን። ወር ጠፍቶ መጥቶ በአንድ ምሽት ያለፈውን ለማካካስ መሞከር ግን የጉዳት መንገድ ነው።

በተግባር ምን ይመስላል? ማሟሟቂያው ይረዝማል። ወጣቶቹ ገመድ ዘለው፣ ትንሽ ሮጠው ዝግጁ ናቸው። እኔ ከእነሱ ቀደም ብዬ እገባለሁ። ቁርጭምጭሚት፣ ዳሌ፣ ትከሻ፣ አንገት፤ እያንዳንዱን መገጣጠሚያ በሙሉ ስፋቱ አንቀሳቅሳለሁ። ከዚያ ቴክኒኮቹን ከዝግታ ወደ ፍጥነት እያሳደግኩ እወጣለሁ። ላብ ሲመጣ ፈጣኑን ሥራ እጀምራለሁ። ቦታው እዚህ ጋ ነው፣ ገና ሳይደክመኝ። ብዙ ክፍል ውስጥ ፍጥነትና ጉልህ ኃይል የሚጠየቀው በመጨረሻ፣ ሰው ሁሉ ሲዝል ነው። ለሃያ ዓመት ልጅ ምንም አይደለም። የደከመ ጡንቻ ግን መገጣጠሚያን አይጠብቅም፤ የደከመ እግር ጉልበትን ወደ ውስጥ ይጥላል።

ፓድ (ምት የሚቀበል ትራስ) የሚይዝልኝ ሰው ይቆማል። ጥቂት እርግጫዎችን በሙሉ ፍጥነት እሰነዝራለሁ። ከዚያ ትንፋሼ እስኪመለስ አርፋለሁ። እንደገና ጥቂት። ምቱ ፍጥነቱን ሲያጣ የዕለቱ ፈጣን ሥራ አበቃ። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ለቴክኒክ፣ ለርቀት፣ ለካታ ነው። አንድ ነገር አጥብቄ የምመክረው፣ ሙሉ ፍጥነት ያለውን እርግጫና ቡጢ አየር ላይ ደጋግማችሁ አትሰንዝሩ። አየር ምቱን አያቆምላችሁም። የሚያቆመው ክርናችሁና ጉልበታችሁ ነው፣ እሱም በመገጣጠሚያው ጫፍ ላይ። ፓድ ወይም የቡጢ ከረጢት ይህን ሸክም ይቀበላል።

ከባድ የሆነ ቀን ካለፈ በኋላ ሁለት ቀን፣ አንዳንዴም ሦስት ቀን ለሌላ ነገር ይሰጥ። በሃያዎቹ ዕድሜ ሰው ልምምዱን ያቅድና ዕረፍት በተረፈው ጊዜ ይገባል። በሃምሳዎቹ ዕረፍቱ ቀድሞ ይታቀዳል፣ ልምምዱ በቀሪው ቦታ ይቀመጣል። እንቅልፍ ሲጎድልብኝ በማግስቱ ከባድ ስፓሪንግ አልገባም።

ልብም የራሱ ሕግ አለው። ከፍተኛው የልብ ምት በዕድሜ ይቀንሳል፣ ይህን ደግሞ ምንም ዓይነት ልምምድ አይመልሰውም። «220 ሲቀነስ ዕድሜ» የሚለውን ሁላችንም እናውቀዋለን። በ2001 የታተመ ጥናት ደግሞ ለአዋቂዎች የተሻለ የሚሆነው 208 ሲቀነስ የዕድሜ 0.7 እጅ ነው ብሏል (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዚህ ስሌት የስልሳ ዓመት ሰው ጣሪያው 166 ገደማ ነው። የሃያ ዓመቱ ልጅ 194 ላይ ነው። አንድ ዓይነት ዙር፣ አንድ ዓይነት ዕረፍት ስንሰጣቸው አንድ ዓይነት ሥራ እየሰጠናቸው አይደለም። አሰልጣኞች ይህን ቢያስቡበት ደስ ይለኛል። ለአንጋፋው ሰልጣኝ ዙሩን ማሳጠር ወይም ዕረፍቱን ማስረዘም እንደ ምሕረት መታየት የለበትም፤ ልምምዱን ትክክለኛ ማድረግ ነው።

ወደ ቴክኒክ እንምጣ፤ ለእኔ ደስ የሚለው ክፍል ይህ ነው።

ከፍ ያለ እርግጫ ሲቀር ብዙ ሰው አንድ ነገር እንደተወሰደበት ይሰማዋል። የዳሌ መገጣጠሚያ ግን የአጥንት ቅርጽ ነው። አንዳንዱን ሰው ምንም ያህል ቢሳሳብ አጥንቱ ከአንድ ቦታ አያሳልፈውም፣ በዕድሜ ደግሞ ልስልሱ የአጥንት ሽፋን ይሳሳል። ዝቅ ያለ እርግጫ መንገዱ አጭር ነው፣ ለማየት ይከብዳል፣ የቆመውን እግርም ብዙ አያናጋም። ካራቴ በተወለደባት የጃፓን ደሴት በኦኪናዋ የቆዩ ካታዎች ውስጥ ያሉት እርግጫዎች ከወገብ እምብዛም አያልፉም። ከፍተኛው እርግጫ የካራቴ ዋና መልክ የመሰለን ከውድድር ዘመን በኋላ ነው። እኔ አሁን ጭን ላይና ሆድ ላይ ነው የምሠራው። የቆመው እግሬ በጣቶቹ ላይ በደንብ መዞሩን ከመቼውም በላይ እከታተላለሁ። ያ እግር ካልዞረ ጠምዘዛውን የሚቀበለው ጉልበት ነው።

በጁዶም እንደዚያው ነው። ባላንጣን በጀርባ ተሸክሞ የሚጥል ቴክኒክ ወገብና ጉልበት ይጠይቃል። የእግር ጠረጋ የሚጠይቀው ትክክለኛውን ቅጽበት ማወቅን ነው። ሰውየው ክብደቱን ወደ አንድ እግር ሊያዞር ሲል፣ እግሩ መሬት ሊነካ በቀረው ቅጽበት ከሥሩ መጥረግ። ቅጽበቱን ካገኙት ኃይል አይፈልግም፣ ካላገኙት ደግሞ ምንም ኃይል አይረዳም። ይህን ቅጽበት ማየት የሚመጣው ከብዙ ዓመት ትግል ነው። ካራቴም ቢሆን፣ ቦክስም ቢሆን ርቀትንና ጊዜን የማንበብ ችሎታ ከጡንቻ በጣም ዘግይቶ ነው የሚያረጀው።

ጂጎሮ ካኖ ጁዶን በ1882 ሲመሠርቱ ዋናው መርሐቸው ኃይልን በተሻለ መንገድ መጠቀም ነበር። የእሳቸው ተማሪ ኪዩዞ ሚፉኔ ሰውነታቸው ትንሽ ነበር። ከሰባ ዓመት በላይ ሆነው ከወጣቶች ጋር ሲሠሩ የተቀረጸ ምስል አለ። ወጣቶቹ ይገፏቸዋል፣ ይጎትቷቸዋል፤ እሳቸው ይሸሻሉ፣ ይዞራሉ፣ ከዚያ ልጁ መሬት ላይ ነው። ወጣቶቹ ለክብራቸው ሲሉ ትንሽ ትተውላቸው ይሆናል የሚል ሰው አይጠፋም። ይሁን። እግራቸውን ብቻ ተመልከቱ። ምንጊዜም የሚቀጥለው እርምጃ ላይ ቀድመው ደርሰዋል።

በቦክስ ደግሞ ሁለት ሰዎችን ደጋግሜ አስባለሁ። ጆርጅ ፎርማን በ1977 ስፖርቱን ተወ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ተመለሰ፣ በ1994 በ45 ዓመቱ የዓለም ሻምፒዮን የነበረውን የ26 ዓመቱን ማይክል ሙረርን በአሥረኛው ዙር በዝረራ አሸነፈ። በነጥብ እየተመራ ነበር። እግሩ ዝግ ብሏል፣ ግን ቀጥተኛው ቡጢና ኃይሉ አብረውት ነበሩ። በርናርድ ሆፕኪንስ በሌላ መንገድ መጣ። በ2011 በ46 ዓመቱ፣ በ2013 በ48 ዓመቱ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። እሱ ርቀትንና የውጊያውን አካሄድ ይዞ የባላንጣውን ዙር ያበላሽ ነበር። ሁለቱም የቀራቸውን ነገር ለይተው ያውቁ ነበር፣ ውጊያውንም በእሱ ዙሪያ ሠሩት።

እነሱን የጠቀስኩት ግን ቡጢ እንድትቀበሉ አይደለም። በዚህ ነጥብ ላይ አልደራደርም። ከሃምሳ በኋላ በስፓሪንግ ጭንቅላት ላይ ከባድ ምት መቅረት አለበት። አንጎል በዕድሜ ትንሽ በትንሽ ይቀንሳል። በአንጎልና በራስ ቅል መካከል ያሉት ደም ሥሮች ይወጠራሉ፣ በቀላሉም ይቀደዳሉ። ለወጣት ራስ ምታት ሆኖ የሚያልፍ ምት ለአንጋፋ ሰው ቀስ ብሎ የሚጠራቀም የደም መፍሰስ ሊሆን ይችላል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ለሚወስድ ሰው አደጋው የባሰ ነው። ሆድና እግር ላይ ንክኪ ይኑር፣ ፊት ላይ ምቱ ሳይነካ ይቁም። ርቀት መጠበቅን ለመማር ጭንቅላት ላይ መመታት አያስፈልግም። ያልተስማማ የልምምድ ጓደኛ ካለ ሌላ ጓደኛ ይፈለግ።

አወዳደቅ ላይ ቆም ልበል። ከማርሻል አርት ሁሉ ለዕድሜ የሚጠቅመው ትልቁ ስጦታ ይህ ይመስለኛል፣ ብዙ ሰው ግን መጀመሪያ የሚተወው እሱን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በየዓመቱ 684,000 ያህል ሰው በመውደቅ አደጋ ይሞታል፣ የሚበዙት ደግሞ ከ60 ዓመት በላይ ያሉ ናቸው። በ2019 የወጣ ብዙ ጥናቶችን ያሰባሰበ ግምገማ ልምምድ የአረጋውያንን መውደቅ በ23 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ሚዛንን የሚፈትን ልምምድ ደግሞ ዋናው ነው። በዝግታ የሚሠራው የቻይና ማርሻል አርት ታይ ቺም በዚህ ስሙ የተነሳ ነው። ከዚያም አልፎ በጎን ሲወድቁ እንደ ጁዶ ተንከባሎ መውደቅ ዳሌ ላይ የሚያርፈውን ኃይል ሩብ ያህል እንደሚቀንስ በላቦራቶሪ ተለክቷል። የዳሌ ስብራት የስንቱን አረጋዊ ሕይወት እንደሚቀይር የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

ስለዚህ አወዳደቅን አትተዉ፤ ከፍታውን ቀንሱ። ከመቆም ይልቅ ከቁጢጥ፣ ከቁጢጥ ከከበደ ከመቀመጥ። ወፍራም ፍራሽ ይኑር። ከትከሻ እስከ ተቃራኒው ዳሌ በሰያፍ መንከባለል፣ አገጭን ወደ ደረት መያዝ፣ እጅን ዘርግቶ መሬት ላለመደገፍ መልመድ። እጅ ተዘርግቶ ሲወደቅ የሚሰበረው የእጅ አንጓ ነው። የአጥንት መሳሳት ያለበት ሰው ግን ይህን ከመጀመሩ በፊት ሐኪም ያማክር። በተለይ ሴቶች የወር አበባ ካቆመ በኋላ አጥንታቸው በፍጥነት ይሳሳል። ለእነሱ ክብደት ማንሳትና ሚዛን ቀድመው ይምጡ፣ መንከባለሉ ከዚያ ይከተል።

ክብደት ማንሳት ስል ለማርሻል አርት ሰው ትርፍ ነገር ነው የሚል የቆየ ሐሳብ አለ። ጡንቻ ያደነድናል፣ ያዘገያል ይባል ነበር። አሁን ይህን የምንልበት ምክንያት የለም። በዝግታ የሚነሳ ከባድ ክብደት ጅማትን ከሚያጠነክሩት ነገሮች ዋነኛው ነው። በ1990 የታተመ አንድ ጥናት ደግሞ ልቤን ነክቶታል። በመጦሪያ ቤት የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸው 90 ዓመት ገደማ የሆነ ደካማ አረጋውያን ለስምንት ሳምንት በእግራቸው ክብደት እንዲያነሱ ተደረገ። ኃይላቸው በአማካይ በ174 በመቶ ጨመረ። በዘጠና ዓመት! የሃምሳ ዓመት ሰው «አሁንማ አልፎኛል» ሲለኝ እነዚያን አረጋውያን አስባለሁ። ምግብም ይታሰብበት። ለአንጋፋዎች በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ የሰውነት ክብደት ከ1 እስከ 1.2 ግራም ፕሮቲን ይመከራል፣ ለአዋቂ ሰው በጥቅሉ ከሚባለው 0.8 ግራም ከፍ ያለ ነው። የኩላሊት ሕመም ያለበት ግን ሐኪሙን ይጠይቅ።

የቀረው የክብር ጉዳይ ነው፤ በእውነቱ ከጅማትም የሚከብደው እሱ ነው። ጥቁር ቀበቶ የታጠቀ ሰው፣ ልጆቹ «ማስተር» እያሉ የሚጠሩት ሰው፣ በቅርብ ጊዜ ቀበቶ ባገኘ ልጅ ሲወድቅ ማየት ይከብደዋል። ስለዚህ ወይ ከፍራሹ ይወርድና ቆሞ ማዘዝ ብቻ ይጀምራል፣ ወይ ደግሞ ላለመውደቅ ሲል ሰውነቱን ያደነድናል፣ የሚጎዳውም ያኔ ነው። ሁለቱም ያሳዝኑኛል። አንጋፋ ሰው ሲወድቅ፣ ሲነሳና ሲስቅ ያየ ወጣት ከየትኛውም ንግግር በላይ ይማራል። ክንድ ሲቆለፍ ቶሎ መታ መታ አድርጎ እጅ መስጠትን፣ «ዛሬ ትከሻዬ ደህና አይደለም፣ በዚህ በኩል አትያዘኝ» ማለትን፣ ክብደቱ በጣም ከሚበልጥና ራሱን መቆጣጠር ካልቻለ ልጅ ጋር አለመግጠምን እንደ ቴክኒክ አድርገን ማስተማር አለብን።

የካኖ የመጨረሻዋ በሕይወት የቆዩ ተማሪ ኬይኮ ፉኩዳ ነበሩ። በ1913 ተወለዱ፣ በ1935 የካኖን የሴቶች ክፍል ተቀላቀሉ። ሴት በመሆናቸው ብቻ ለብዙ ዓመታት 5ኛ ዳን (የጥቁር ቀበቶ ደረጃ) ላይ ቆመው ቀሩ። በ98 ዓመታቸው የአሜሪካ የጁዶ ማኅበር 10ኛ ዳን ሰጣቸው። በ99 ዓመታቸው እስኪያርፉ ድረስ ከትምህርቱ አልተለዩም። መጨረሻ ላይ ተቀምጠው ነበር የሚያስተምሩት፣ ግን የተማሪውን አያያዝና አቋም በዓይናቸው እየተከታተሉ ያርሙ ነበር።

በዕድሜ ገፍታችሁ አዲስ ለመጀመር የምታስቡ ደግሞ አላችሁ፤ መልእክት ስትጽፉልኝ አብዛኛውን ጊዜ የምትጠይቁት «ዘገየሁ ወይ?» ብላችሁ ነው። በጁዶም ሆነ በብራዚል ጁ-ጂትሱ የአንጋፋዎች ውድድር ከ30 ዓመት ይጀምራል፣ ከዚያም በየአምስት ዓመቱ እየተከፈለ ከስልሳ በላይ ይዘልቃል። ስለዚህ ቦታው ተዘጋጅቷል። ቦታ ስትመርጡ ስለ ዋንጫና ስለ አሰልጣኙ ዳን ከመጠየቃችሁ በፊት አንድ ክፍለ ጊዜ ተቀምጣችሁ ተመልከቱ። ከአርባ ዓመት በላይ የሆነ ሰው ፍራሹ ላይ አለ? ሰልጣኝ ሲጎዳ አሰልጣኙ ምን ያደርጋል? አዲስ ሰው የሚሰጠው ለየትኛው ጓደኛ ነው? ከዚያ አሰልጣኙን «ጉልበቴን ያመኛል፣ ምን ልሥራ?» ብላችሁ ጠይቁት። የትኛውን ጉልበት፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ምን ስታደርግ ነው ብሎ መልሶ የሚጠይቃችሁ ሰው ጋ ተመዝገቡ።